ማላር ብለን ጠርተናታል

ስልኩ ሲጮህ ፕላንፓሌ አደባባይ ላይ፣ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጡት መካከል ቆሜ፣ አንድ የጠረጴዛ ልብስ ወደ ብርሃን አንሥቼ እያየሁ ነበር። ቅዳሜ ረፋድ ነው። ቁጥሩ የዙሪክ ነው፤ የማን እንደሆነ አላወቅኩትም። አንዲት ሴት በዙሪክ ጀርመንኛ፣ «ካቪታ እባላለሁ፤ የማላር የወንድሟ ልጅ ነኝ» አለችኝ። ጄኔቭ ከመጣሁ ወዲህ ጀርመንኛው አፌ ላይ ዝጓል። እንዲያም ሆኖ የነገረችኝን ለመረዳት አልተቸገርኩም።

ማላር አካ ሞታለች። በሂንዱዎቹ ሥርዓት አስከሬኗ ከተቃጠለም አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል።

«ምነው ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ?» አልኳት።

«ለእኔም የተነገረኝ በዋዜማው ነው። ያንቺን ቁጥር ያገኘሁት ትናንት ነው፤ የእናትሽ ቁጥር ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ነበር፣ ያንቺን እሷ ሰጠችኝ።» ከዚያም ቀጠለች። «ነጭ የወንድ ሽርጥ አስታጥቀው ነው የሸኟት። ጸጉሯን ቆርጠውታል። ካህኑም ጸሎቱን ያደረሰው በዱሮው፣ በወንዱ ስም ነው። አባቴ፣ በሃይማኖታችን እንዲህ ያለ ነገር የለም፣ አለ። ክፍሉ ሙሉ ሰው ነበር፤ አንድም ሰው አልመለሰለትም።»

«አንቺስ?»

«እኔም» አለች።

የጠረጴዛ ልብሱን አጥፌ መልሼ አስቀመጥኩት። ከኀዘኑ ይልቅ ንዴቱ በረታብኝ።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ አብራኝ ለምታስቀድስ አንዲት እኅት ነገሩን አጫወትኳት። «ውይ፣ ነፍስ ይማር» አለች። ቀጥላም፣ «ግን እኮ በእነሱ ሃይማኖት ይፈቀዳል ሲባል ነው የምሰማው። አማልክታቸው ራሳቸው አንዴ ወንድ አንዴ ሴት ይሆኑ የለ? ታዲያ ምን አስጨነቃቸው?» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ትራሟ ሄደች።

እንግዲህ በአንድ ሃይማኖት ስም አንዱ ከውስጥ ሆኖ «የለም» አለ፤ አንዷ ከውጭ ሆና «ሁሉ ይፈቀዳል» አለች። ሁለቱም አልጠየቁም፤ ሁለቱም ያልዋሹ መሰላቸው። በመሀል አንዲት ሴት ስሟን ተቀምታ ሄደች። ያናደደኝ ይህ ነው፤ ይኸው ሳምንታት አልፈውም አልበረደልኝም። እኔ ጾሜን የማልሽር፣ የንስሐ አባቴን ሳላማክር ትልቅ ነገር የማልወስን ሴት ነኝ። ቤተ ክርስቲያኔ ምን እንደምታስተምር አውቃለሁ፤ በእርሷ ላይ የምጽፈው የለኝም። የምጽፈው ስለ ማላር ነው። ማላርን ሳውቃት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

ዙሪክ፣ አፎልተርን ሰፈር ያለው ያደግኩበት ሕንፃ ቀለሙ ተቀይሯል። ባለፈው ሳምንት ከጄኔቭ በባቡር ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ፤ አንዲት ጋሪ የምትገፋ እናት ስትገባ ተከትያት ገባሁ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሆነ ሰው ሰናፍጭ በዘይት እያንጣጣ ነበር። ከኋላው ቀጭን የካፉር ሽታ አለ፣ ለጸሎት የሚያነዱት፣ አፍንጫን ቀዝቀዝ የሚያደርገው። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ማን እንደሚኖርበት አላውቅም፤ የእሷ ቤት ግን ያ ነበር፤ የእኛ ፊት ለፊቱ።

ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ገና ከአዲስ አበባ አልመጣም። እማዬ ክሎተን፣ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ፣ አውሮፕላን ታጸዳ ነበር፤ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሥራ መግባት አለባት። ከትምህርት በፊት ልጅ የሚቀበለው ሆርት ደግሞ የሚከፈተው አንድ ሰዓት ላይ ነው። በመሀል ያለችውን ሁለት ሰዓት የሞላችልን ማላር ናት። እሷም የምትሠራው ክሎተን ነው፣ ለአውሮፕላን ምግብ በሚያዘጋጅ ወጥ ቤት፤ ፈረቃዋ ግን ከሰዓት በኋላ ነበር። እናም እማዬ ሳይነጋ ፒጃማዬን እንደለበስኩ ኮሪደሩን አሻግራ ታስረክበኛለች፤ ቀትር ላይ ደግሞ ማላር ከትምህርት ቤት ወስዳኝ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ለእማዬ ትመልሰኛለች። አንዷ ከአውቶቡሱ ስትወርድ አንዷ ትሳፈራለች። ለሰላምታ እንኳ ጊዜ የላቸውም፤ እጄ ብቻ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል።

«አካ» በታሚልኛ ታላቅ እኅት ማለት ነው። እሷ እኔን «ኩቲ» ትለኝ ነበር፤ ትንሿ ማለቷ ነው። የምንግባባው እኔ ከትምህርት ቤት፣ እሷ ከወጥ ቤት በለቀምነው ጀርመንኛ ነው። እጇ ሰፊ ነው። ጸጉሬን ስታበጥር የኮኮናት ዘይት ትቀባኝና ሁለት ጉንጉን ትሠራልኛለች፤ አምባሮቿ ጆሮዬ ሥር ይንሿሿሉ። ድምጿ ጎርናና ነበር። እኔ ጉንፋን የያዛት ይመስለኝ ስለነበር እማዬ ለጉሮሮዬ የምታፈላልኝን ዝንጅብል በብርጭቆ እየቀዳሁ እወስድላታለሁ። አንድም ቀን፣ ደኅና ነኝ፣ አላለችኝም። ተቀብላ ትጠጣና «አሁን ተሻለኝ» ትላለች፣ በዚያው በጎርናና ድምጿ። እኔም በማግስቱ ደግሜ እወስዳለሁ።

የእማዬን ልብ የያዘችው በድስት ነው። ማላር ዓርብ ዓርብ ሥጋ አትነካም ነበር። እማዬ ይህን ባየች ጊዜ «እኛም እኮ ረቡዕና ዓርብ እንጾማለን፤ የእኛ ግን ወተትም ቅቤም አይገባበትም» ብላ በእኔ አስተርጓሚነት ነገረቻት። የሚቀጥለው ረቡዕ ማላር አንድ አዲስ ሰማያዊ ድስት አሳየችን። ቅቤ የነካው ማንኪያ እንዳይገባበት ብቻውን ተሰቅሏል። እጀታው ላይ ቀይ ክር አስራበታለች፣ እንዳትሳሳት። የእኔ የጾም ምስር የሚሠራው በእሱ ነበር። እማዬ ከሥራ መጥታ ክዳኑን ከፍታ ታሸታለች፤ «የእኛ ሰው እንኳ እንዲህ አይጠነቀቅም» ትላለች። ይህን የሰማሁት አንዴ አይደለም።

በማላር ወጥ ቤት ከመደርደሪያዎቹ አንዱ ጸሎት ቤት ነበር። በሩን ስትከፍተው ትንሽ መብራት፣ አበባና ሥዕሎች ይታያሉ። ከሥዕሎቹ አንዱ አላስቀምጥ አለኝ። የቀኙ ግማሽ ወንድ ነው፤ ጸጉሩ የተገመደ፣ ገላው አመድ የተቀባ፣ የነብር ቆዳ የታጠቀ። የግራው ግማሽ ሴት ናት፤ ቀይ ሳሪ፣ የጆሮ ጌጥ፣ የተኳለ ዓይን። አንድ አፍንጫ ለሁለቱ። ትምህርት ቤት መጽሔት እየቀደድን ሰው እንሠራ ስለነበር ይኸኛውንም የሆነ ልጅ ከሁለት ሥዕል ቀዶ ያጣበቀው መሰለኝ።

«ማነው የቀደደው?» አልኳት አንድ ጠዋት።

«አልተቀደደም፣ ኩቲ። እንዲሁ ነው።»

«ሁለት ናቸው እኮ።»

«አንድ ናቸው። ሺቫና ፓርቫቲ። ተለያይተው መኖር አልሆነላቸውም።»

«ጫማ ሲገዙስ?»

ሳቀች። ስትስቅ አፏን በሳሪዋ ጫፍ ትሸፍን ነበር። «በባዶ እግራቸው ነው የሚሄዱት» አለች። ከዚያ ሌላም ነገረችኝ። ቪሽኑ የሚባለው አምላካቸው አንድ ጊዜ ቆንጆ ሴት ሆኖ እንደመጣ፣ ማንም እንዳልለየው። የዱሮ ሰዎቻቸው ወንድም ሴትም ያልሆነ፣ ወይም ከሁለቱም የሆነ ሰው እንዳለ ያውቁ እንደነበርና «ሦስተኛ ተፈጥሮ» ብለው እንደሚጠሩት። እኔ ሦስተኛ ክፍል ስለነበርኩ የሚመለከተኝ መስሎኝ በጣም ደስ አለኝ።

«አንቺስ ምንድን ነሽ?» አልኳት።

ማበጠሪያውን ጸጉሬ ውስጥ አቁማ አሰበች። «እኔማ አካሽ ነኝ» አለች።

ለእማዬ ሥዕሉን ስነግራት ፊቷ አልተለወጠም። «የሰው ቤት ሥዕል እያዩ አይጠይቁም» አለችኝ። «አትስገጂለት፤ በጣትሽም አትጠቁሚበት። በቃ።» እስከ ዛሬ በሰው ሃይማኖት ላይ የተማርኩት ሕግ ይኸው ነው፤ የተሻለ አላገኘሁም።

በሚያዝያ፣ በዓመት መለወጫቸው፣ ወደ ቤተ መቅደሳቸው ወሰደችኝ። ያማረ ቦታ ጠብቄ ነበር። የደረስነው ግን ከከተማው ወጣ ብሎ በጎማ መጋዘንና በመኪና ቀለም ቤት መካከል ያለ የፋብሪካ አዳራሽ ነው። ከውጭ ግራጫ፤ ከውስጥ ግን ደወሉ፣ አበባው፣ ደረታቸው ራቁት የሆነ ነጭ ሽርጥ የታጠቁ ወንዶች፣ ወለሉ ላይ የሚሮጡ ሕፃናት። ማላር ቢጫ ሳሪ ለብሳ ጸጉሯ ላይ አበባ ሰክታ ነበር። አንዲት አሮጊት ከሰው ተደብቃ መጣችና የታቀፈችውን ጨቅላ አቀረበችላት። ማላር ግንባሩን ነካችው፣ የሆነ ነገር አንሾካሾከችለት። አሮጊቷ እጇን ስማ በፍጥነት ሄደች። ከእሷ በኋላ ሌላ እናት መጣች። ከዚያም ሌላ። የመረቀችው ልጅ ይባረካል ይባላል አሉ፤ ይህን የነገረችኝ አሁን ካቪታ ናት። እኔ በዚያን ቀን የገባኝ አካዬ ትልቅ ሰው መሆኗን ብቻ ነው።

ምግብ ሲቀርብ ሁሉም መሬት ላይ በረድፍ ተቀመጠ፤ ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በአንድ ወገን። አንድ ሰውዬ መጥቶ ማላርን አናገራት። ድምፁን ከፍ አላደረገም። እሷም ተነሥታ እጄን ያዘችና ጫማ ከሚወልቅበት በር አጠገብ፣ አንድ ካርቶን ላይ ተቀመጥን። ምግባችን ለብቻ መጣልን። እኔ ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ፤ ቦታው ለክብር እንግዳ የተለየ መሰለኝ። ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። ቤት ስመለስም ለእማዬ፣ ማላር አካ ከሁሉ ሰው ተለይታ ብቻዋን ነው የምትበላው፣ ሁሉም ያከብራታል፣ አልኳት።

ልጃችንን ባርኪልን ያሏትና አብረሽን አትብዪ ያሏት ሰዎች አንድ ናቸው።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት እመጣለሁ።

በዚያ ደረጃ ላይ ደብዳቤ አንባቢ እኔ ነበርኩ። ለእማዬ የሚመጣውን ሁሉ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። ለማላርም አነብላት ነበር፤ የእሷ አሠራር ግን ለየት ያለ ነው። ፖስታውን ራሷ ትከፍትና የወረቀቱን የላይኛውን ሩብ ወደ ኋላ አጥፋ ትሰጠኛለች። «ከመካከል ጀምሪ፣ ኩቲ። ላይ ላዩ የመንግሥት ነው፤ የእኔ ከታች ነው ያለው» ትለኛለች። እኔም አመንኳት። ደብዳቤ ሁሉ እንዲያ የተከፈለ ይመስለኝ ነበር፤ የእማዬንም አጥፌ ማንበብ ጀምሬ ተቆጥታኛለች።

በሰኔ አንድ ቅዳሜ ማላር ተተኪ ሆና በጠዋት ሥራ ተጠራች። የአውስቫይሷ ጉዳይ ነበረባት፤ የመኖሪያ ፈቃዱ የሚታደስበት ወር ነው፣ መልሱን በጭንቀት ትጠብቃለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የፖስታ ሳጥኗን ቁልፍ ሰጠችኝ። «ከመጣ አውጥተሽ ጠረጴዛዬ ላይ አድርጊልኝ። አትክፈቺው» አለች።

መጣ። አልከፈትኩትም። ነገር ግን በፖስታው መስኮት አድራሻው ይታያል፤ «ሄር»፣ አቶ ማለት ነው፣ ይልና አንድ ረጅም የወንድ ስም ይከተላል። ያንን ስም እዚህ አልጽፈውም። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ግን ሳጥኗ ላይ የተለጠፈው የአባቷ ስም ነው። እኔም ወዲያው ገባኝ፤ የገባኝ መሰለኝ። በእኛም ደርሶ ነበራ። በዚያው ግቢ፣ በሌላ መግቢያ፣ አባቱ እንደ እማዬ አባት ተስፋዬ የሚባል ሌላ ኢትዮጵያዊ ይኖር ነበር፤ ስዊሶቹ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚይዙት የእሱ ደብዳቤ ለእኛ፣ የእኛ ለእሱ ይመጣል። ታዲያ የማላርም አባት ስም ያለው ሌላ ሰውዬ አለ ማለት ነው፤ ምስኪን ሰውዬ ደብዳቤውን እየጠበቀ ነው። ለዚህ ደግሞ ሕግ ነበር። የሕንፃው ጠባቂ፣ ሃውስቫርቱ፣ በስህተት የመጣ ደብዳቤ በሩ አጠገብ ያለው ሰሌዳ ላይ እንዲሰካ አዝዞናል።

ከደብተሬ ገጽ ቀደድኩ። በትምህርት ቤቱ ጽሕፈት፣ በቀይ እርሳስ፣ በመስመር እያሰመርኩ ጻፍኩ፤ «ይህ ደብዳቤ በስህተት ማላር ሳጥን ውስጥ ገብቷል። ሄር እገሌ ማን ናቸው? እባክዎ ይውሰዱት።» ስሙን በትልልቁ ጻፍኩት፣ ከሩቅ እንዲነበብ። ሰካሁት። ከዚያ ቤት ገብቼ የሠራሁትን መልካም ሥራ እያሰብኩ በኩራት ቁጭ አልኩ።

በዚያን ቀን የእማዬ የማርያም ማኅበር ተራ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ መምጣት ጀመሩ። ቀድመው የመጡት እትዬ አስካለ ናቸው፤ ከሁሉም በፊት ስዊስ የገቡ፣ ጀርመንኛ አቀላጥፈው የሚያነቡ፣ የማኅበሩ ሙሴ። ሰሌዳው ፊት ቆመው አገኘኋቸው። ሃውስቫርቱም መጥረጊያውን ይዞ አጠገባቸው ቆሟል፤ ይስቃል። «በዚህ ሕንፃ እንዲህ የሚባል አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው» አላቸው። «ሦስተኛ ፎቅ። ሳሪ የሚለብሰው።»

እትዬ አስካለ ዞረው አዩኝ። ቀጥሎም ሁለቱን የጸጉር ጉንጉኖቼን አዩ።

ቤት ውስጥ ጸሎት ተደርሶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዞ ነበር። እትዬ አስካለ አልተቀመጡም።

«ዘነበች፣ ልጅሽን ንጋት ንጋት የምታስረክቢው ለማን ነው?»

«ለማላር ነዋ» አለች እማዬ።

«ማላር የምትባል ሴት የለችም።»

እትዬ ብርቄ፣ ሁልጊዜ የምታሥቀን፣ «ኧረ ባክዎ፤ ባለፈው ታዲያ ምስሩን ያበላችን ጥላዋ ናት?» አለች። ሁለት ሦስት ሰው ሣቀ።

«ወንድ ነው እያልኳችሁ ነው። ሃውስቫርቱ አሁን ነገረኝ። ወረቀቱም እታች ተሰክቷል፣ ሂዱና እዩት። የሰካችውም ይቺው ልጅ ናት።»

እማዬ ጆጉን ይዛ እንደቆመች ነበር። «ወረቀት» አለች ቀስ ብላ። «የእኔ ወረቀት የተወለድኩት ጃንዋሪ አንድ ነው ይላል። የእርስዎም እንዲሁ ነው፣ እትዬ አስካለ። የብርቄም። ሁላችንም በአንድ ቀን ነው የተወለድነው?»

እንዲያ ስትል የዚያን ቀን እናቴን እንዴት እንደወደድኳት። ግን ብዙ አልቆየችበትም።

«ሴት ልጅ ናት ያለችሽ፣ ዘነበች» አሉ እትዬ አስካለ። «ነገ ከነገ ወዲያ አልነገሩኝም እንዳትይ። እነሱ በሃይማኖታቸው ይቻላቸው ይሆናል፤ እኛ ክርስቲያኖች ነን።»

ከዚያ በኋላ ሁሉም ተናገረ። «ድምፁን እኔስ ጠርጥሬ ነበር» ያለች አለች። «እጁን አላያችሁም?» ያለች አለች። አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ማላር «እሱ» ሆነች። ምስሯን የበሉ፣ ወረፋ ሲያጡ የልብስ ማጠቢያ ቀኗን የለቀቀችላቸው፣ ሲያማቸው ሾርባ ያመጣችላቸው ሴቶች ናቸው እንዲህ ያሉት። አንዷም፣ ልጅቷን ምን አደረጋት፣ ብላ አልጠየቀችም። ቢጠይቁኝ እነግራቸው ነበር። በዚያ ዓመት ሙሉ ከእጇ ያገኘሁት ማበጠሪያና ማንኪያ ነው።

ከሰኞ ጀምሮ እማዬ ሥራ ስትሄድ ቆልፋብኝ ትሄድ ጀመር። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እስከ አንድ ሰዓት ብቻዬን እቀመጣለሁ፤ ከዚያ በትርፍ ቁልፍ ከፍቼ ወደ ሆርት እሮጣለሁ። ጸጉሬን የሚያበጥርልኝ አልነበረም። ይህ ነው ከማላር የተሻለ የተባለው። በተቆለፈ ቤት ብቻዬን መቀመጤ ማንንም አላሳሰበም፤ ለማኅበሩ ደኅና ነበርኩ።

ሰማያዊው ድስት እኛ ቤት ነበር፣ የዓርቡን ይዞ። እማዬ አጠበችው። ሦስት ጊዜ አጠበችው። ከዚያ የማላር በር ላይ አስቀምጣው ደወሉን ሳትደውል ተመለሰች። በበራችን ቀዳዳ አየሁ። ማላር ከሥራ ስትመለስ አገኘችው፤ ክዳኑን አንሥታ ውስጡን አየች። ወደ በራችን አልተመለከተችም። ይዛው ገባች።

ደብዳቤውን ከሰሌዳው ያነሣችው ራሷ ናት። ከጥቂት ቀን በኋላ ፖስታ ሳጥኖቹ ዘንድ ተገናኘን። እኔ እናቴ አታናግሪው ብላኛለች፤ ለምን እንደሆነ ግን አሁንም አልገባኝም። በእኔ ሐሳብ ማኅበሩ የተቆጣው ደብዳቤው የሌላ ሰው ሆኖ ሳለ ማላር ዘንድ በመቆየቱ ነው፤ እንደ ሌብነት። ስለዚህ ልረዳት ፈለግሁ።

«ሰውየው ተገኘ?» አልኳት።

ዝቅ ብላ አየችኝ። ግንባሯ ላይ ያለው ቀይ ነጥብ በላብ ትንሽ ፈሷል። «አልተገኘም» አለች። «እዚህ ቤት ኖሮ አያውቅም።»

«ታዲያ ደብዳቤውስ?»

«እኔ አነብለታለሁ።» ቀጥላም፣ «ጽሕፈትሽ ግን ያምራል፣ ኩቲ። መስመሩን አልሳትሽም» አለችኝ።

በሐምሌ ቤቱን ለቅቃ ሄደች። ዕቃዋን የሚጭን አንድም ጎረቤት አልወረደም። እኔ በመስኮት አየሁ።

ካቪታና እኔ ባለፈው ሳምንት ከአፎልተርን ያን የፋብሪካ አዳራሽ ፍለጋ ሄድን። አሁን ትልቅ ሆኗል። ጸሎቱን ያደረሰውን ሳይሆን አንድ ሌላ ሽማግሌ ካህን አገኘን። ካቪታ ጠየቀቻቸው፤ በሃይማኖታችን እንደ ማላር ያለ ሰው በእውነት የለም ወይ አለቻቸው። ሽማግሌው አልተቆጡም። «መጻሕፍቱ ያውቋታል» አሉ። «ሁሉም አንድ ቃል አይናገሩም። የሚያከብራት አለ፣ የሚነቅፋት አለ፤ የለችም የሚል ግን አላነበብኩም። የማያውቃት ኮሚቴው ነው።» ይህን ብለው በሩን አዩ፤ ኮሚቴው እንዳይሰማ። ኀዘኔታቸው እውነት ነበር፤ ፍርሃታቸውም እንዲሁ። በእኛ ቤትም ያየሁት ይኸው ነው፤ ከመጽሐፉ ይልቅ ጎረቤትን የሚፈራ ሰው።

አሁን የቀረው አንድ ነገር ነው። አመዷ ያረፈበት የጋራ መቃብር ላይ የስም ሰሌዳ ይለጠፋል። ገና አልተሠራም። ወንድሟ የዱሮውን ስም ሰጥቷል። ካቪታ ስትቃወም፣ በሕይወቱ ማላር ብሎ የጠራው ሰው የለም፣ ብሎ ጽፎ ፈርሟል። የመቃብሩ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ሰሌዳውን አቆይታዋለች፤ በዚያ ስም ያወቋት ሰዎች በጽሑፍ ቢያረጋግጡ ለበላይ አቀርበዋለሁ ብላለች። እስከዚህ ወር መጨረሻ።

ወረቀቱ እኔ ዘንድ ነው። የመጀመሪያው መስመር የካቪታ ነው፣ ሁለተኛው የእኔ። ሦስተኛው የእማዬ ነው። አንድም ቃል ሳልለምናት ብዕሩን ወስዳ በአማርኛ፣ «ልጄን ንጋት ንጋት የያዘችልኝ ጎረቤቴ ማላር ናት። በደልኳት» ብላ ጻፈች፤ ከዚያም፣ ተርጉሚው፣ ብላኝ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

በዚያ ዓመት አፎልተርን፣ በዚያ ደረጃ የወጣችሁና የወረዳችሁ፣ በዚያች ቅዳሜ ከእማዬ ቤት የነበራችሁ ሁሉ፤ ዛሬ አንዳንዶቻችሁ ጡረታ ወጥታችሁ ዙሪክ ናችሁ፣ አንዳንዶቻችሁን ጄኔቭ ቤተ ክርስቲያን አያችኋለሁ። እምነታችሁን ለውጡ አላልኳችሁም፤ እኔም አልለወጥኩም። ስለ ሌላ ነገር አትመስክሩ። የምጠይቃችሁ በአፋችሁ ብላችሁት የነበረውን እንድትጽፉት ብቻ ነው፤ በሐሰት አይደለም፣ በእውነት።

እትዬ አስካለ፣ ይህንን እንደሚያነቡ አውቃለሁ። ያቺ ቅዳሜ እስክትመጣ ድረስ ከታች ሆነው «ማላር» እያሉ ሲጣሩ ድምፅዎ እስከ ላይኛው ፎቅ ይሰማ ነበር። ከእርስዎ በላይ ደጋግሞ የጠራት የለም። አራተኛው መስመር ባዶ ነው፤ እባክዎ ይጻፉበት።